የውጅግራው መርፌ

ስሙ ምንያህል ነው፣ ጥያቄውም ያው፤
«ምን ያህል ያወጣል? ጋሼ፣ እስቲ እየው።»
በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣
ደቻቱን በቀትር በእግሩ ተሻግሮ፣
ከሞርሳው አጠገብ አጋደመው ቀስ ብሎ፣
የታመመ ዘመድ ያመጣ መስሎ።

«ፈቃዱስ?» አልኩት። ወረቀት ዘረጋ፤
ዓይኔ ተንከራተተ ማኅተሙን ፍለጋ።
ያለዚያ አልነካም፤ ብረት መዘዝ አለው፤
ከዚያ ነው ቤንዚኔን ጨርቅ የማቀምሰው።

ዝገቱ ሲለቅቅ ፊደል ብቅ አለ፣
በፈረንጅ እጅ ጽሕፈት ጋደል ጋደል ያለ።
«ውጅግራ ነው» አልኩት፣ «ምንሽር አይደለም፤
ምንሽር አምስት ይጎርሳል፣ ለዚህ ካዝና የለም፤
አንድ ጎርሶ አንድ ይተፋል፣ እንደ ድሃ አፍ።»
ጣቴን ሰደድኩት ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ።

(ሙሴ ሃጎፕ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በባቡሩ ፋብሪካ ያስተማረኝ ሞራጅ፣
«ፉዚ ግራ» በል ይለኛል፤ «ውጅግራ» ስል ይስቅብኛል።
አገሬው አላምጦ የዋጠውን ስም
እሱ ከነአጥንቱ ይፈልገዋል።)

በርሜሉ አንድ ቁጥር፣ ቃታው ሌላ ቁጥር፤
ሁለት ጠመንጃ ሞቶ የቆመ አንድ ፍጡር።
«እዚህ ላይ ቀንስ» አልኩት።
ሰደፉን ትከሻ አለስልሶታል፣
ማንገቻው ሁለቴ በጠፍር ተተክቷል።
«እዚህ ላይ ጨምር። ይሄን ሰው ዕድሜ ልኩን ተሸክሞታል።»

«አያቴ ነው» አለ ልጁ፣ ደረቱ ነፋ።
«ደመላሽ። የኤረር ብርቱካን ጠባቂ።
ባባቱ ሬሳ ላይ የወጣለት ስም ነው፤
አድጎ በዚህ መለሰው።»
«ሰውየውን ገደለው?»
«የነሱ ወገን በወባ ሞተ ይላል።
ሐፍረት ነው እሱማ።»

በርሜሉን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤
አራት ጥምዝ ቦይ፣ ስለታቸው እንዳለ፣
ባሩድ የዘነጋቸው።
«ጨምር» አልኩ። ድምፄ ግን ተጠራጠረ።

ቃታውን ፈታሁ። ሞላው ዘለለ። መርፌዋ ወጣች።
ጫፍ የላትም።
አልተሰበረችም፤ ስብራት ሸካራ ነው፣ የተፈጨ ጨው ይመስላል።
ይቺ ተሞርዳለች።
ሦስት ጊዜ ቁልቁል፣ አንድ ጊዜ አግድም፣
ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ።
ግራኝ ነኝ እኔ። ሙሴ ሃጎፕ ጣቴን በማስመሪያ እየመታ
ሊያቀናው ታግሎ ያልቀናለት እጅ፣
ይኸው፣ መዳፌ ላይ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ። የማታ ፈረቃ።
የጅቡቲው ባቡር ገብቶ ውጭ ይተነፍሳል።
አንድ ረጅም ሰው በጓሮ በር ገባ፣
ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።
«ጫፏን ቁረጥልኝ። ከላይ እንዳይታወቅ።»
«ከዚያ ወዲያማ አይተኩስም!»
«አዎ።»
አንድ ብር አስጨበጠኝ፣ ግማሽ ዘንቢል ብርቱካንም።
እየሞረድኩ ዝም አለ። ስጨርስ ብቻ፦
«ሰውየው ነገ ከሐረር ወህኒ ይወጣል።
እናቴ በር ላይ ቆማ ታስታጥቀኛለች።
ስሜን ታውቀዋለህ?»
«አላውቅም።»
«ይሻላል» ብሎ ሄደ።

ብርቱካኑን ለሦስት ቀን በላሁት።

ምንያህል ይጠብቃል። ዝንብ ከሞርሳው ላይ ትነሳለች፣ ታርፋለች።
ቶርኖው ይኸው ነው፤ አዲስ መርፌ ለማውጣት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤
ዋጋው እጥፍ ይሆናል።
ወይም ልንገረው፤
ያን ሁሉ ዓመት አያትህ
በሰፈር ፊት እንጨትና ብረት ተሸክሞ፣
ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ በእናቱ ዓይን ሥር፣
ጥርስ የሌለው አንበሳ እየጎተተ ኖረ።
ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል፣ ከጨምር ነው ከቀንስ?

መርፌዋን በጣቴ ገለበጥኳት፤ ከሽምብራ ፍሬ ብዙ አትከብድም።
«ምን ያህል…» አልኩ ለራሴ።

ስሙን የጠራሁ መስሎት
«አቤት» አለ።